ሳቁ ሳያበቃ የተከደነው ላፕቶፕ፦ «በሰው ቁስል አይሳቅም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከአንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው ሲዞር የከረመው ጽሑፍ እናንተም ጋ ሳይደርስ አልቀረም፣ ለኔ ብቻ አራት ሰው ነው የላከልኝ፣ ሁለቱ ደሞ «አንተ የድሮ ፊልም ትወድ የለ፣ በል እስቲ ምን ትላለህ» ብለው ነው። አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። አጻጻፉ ያምራል፣ ጸሐፊው ከልባቸው እንደጻፉትም ያስታውቃል፣ ግን የደረሱበት ነገር ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ፣ ዝም ብዬ ባልፈው ደሞ ሆዴን ይበላኛል። ረዘም ያለ መልስ ነው፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም እላለሁ።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ጽሑፉ ከቤታቸው ነው የሚጀምረው፦ ቅዳሜ ማታ ከዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ጋር የቻርሊ ቻፕሊንን በሂትለር የሚያሾፍ ፊልም «ዘ ግሬት ዲክታተር»ን እያዩ ነበር፣ የአምባገነኑ ወታደሮች አንድ አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይ ላይ መንገድ መሀል ሲነሱበት ልጁ ከት ብሎ ሳቀ፣ አባት ደነገጡ፣ ላፕቶፑን ከደኑት። ልጄ ሰው ሲዋረድ እያየ መሳቅ ተማረ ብለው ነው ያዘኑት። ከዛ ተነስተው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ኮሜዲ ከባዱን ነገር ቀላል ያስመስላል፣ ለዚህም ምስክሩ ቻፕሊን ራሱ ነው፣ በኋላ ተጸጽቷል። ሁለተኛ፣ የድሮዎቹ ፊልም ሰሪዎች ቀልድን የመረጡት ፊት ለፊት ለመናገር ፈርተው ነው። ሶስተኛ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ለድራማ ነው የሚገባው፣ ሰው የሚማረው ሲያለቅስ ነው። አራተኛ፣ የትኛውም ኮሜዲ ምንም ነገር ለውጦ አያውቅም። አምስተኛ፣ ይሄ የፈረንጅ አመል ነው፣ እኛ ጋ በሰው መከራ አይሳቅም። እንግዲህ ያሉት ይሄ ነው፣ ያጎደልኩባቸው ነገር ካለ ይቅርታ።

የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ስለሆነ። ቻፕሊን በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በጀርመን ማጎሪያ ካምፖች ውስጥ የተፈጸመውን ግፍ በጊዜው ባውቅ ኖሮ ያንን ፊልም መስራት አልችልም ነበር ብሏል፣ እውነት ነው። ግን «ባውቅ ኖሮ አልችልም ነበር» ማለትና «በመስራቴ ተጸጽቻለሁ» ማለት አንድ ናቸው እንዴ? አንድ ሰው «አባቴ እንዲህ መታመሙን ባውቅ ኖሮ ያን ቀን እንደዛ አልጨፍርም ነበር» ቢላችሁ ጭፈራው ኃጢአት ነበር ማለቱ ነው? አይደለም። ያላወቀው ነገር ምን ያህል እንደከበደው ነው የሚነግራችሁ። ቻፕሊን ቀረጻ የጀመረው በሴፕቴምበር 1939 ነው፣ ጦርነቱ በፈነዳበት ወር፣ ፊልሙ ለእይታ የበቃው ደሞ በኦክቶበር 1940። ሰው በጅምላ ለመግደል ተብለው የተሰሩት ካምፖች ስራ የጀመሩት ከዛ በኋላ ነው፣ በ1941 መጨረሻ። እሱ ያኔ የሚያውቀው ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው፦ አይሁዶችን ከዜግነት ያወጣውን የ1935ቱን የኑረምበርግ ሕግ፣ በኖቬምበር 1938 ሱቃቸው የተሰባበረበትንና ምኩራባቸው የተቃጠለበትን ሌሊት። ያንን ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ብዙው ሰው ግን ዝም አለ፣ ቻፕሊን ገንዘቡን ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሰራ።

አሁን ወደ ሲኑ ልመለስ፣ ልጁ የሳቀባት ሲን። ፀጉር አስተካካዩ፣ የሚሰራው ቻፕሊን ራሱ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተጎድቶ ትዝታውን ያጣ ሰው ነው፣ ያን ሁሉ ዓመት ሆስፒታል ሲኖር አገሩ ምን እንደሆነች አልሰማም፣ ትናንት የወጣ ነው የሚመስለው። ሱቁን ሲከፍት አቧራና የሸረሪት ድር ነው፣ ገና ሲገባ አንዱ ወታደር መጥቶ መስኮቱ ላይ በትልልቅ ፊደል በቀለም «አይሁድ» ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ምን ያደርጋል? ይወጣና ይጠርገዋል! ጨርቁን ይዞ፣ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ መስታወት እንደሚወለውል ማንኛውም የሰፈራችን ባለሱቅ። ወታደሩ ሲቆጣው ይገርመዋል፣ ይከራከረዋል፣ ምክንያቱም መፍራት እንዳለበት የነገረው የለም። ሳቁ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ለምዶታል፣ ጎረቤቶቹ ለምደውታል፣ እኛ ተመልካቾቹም ለምደነዋል፣ አንድ ያልለመደ ሰው ግን መጣና የራሱን መስኮት ጠረገ። ያበደው ማን እንደሆነ በአንድ ጨርቅ አሳየን። ከዛ ሃና የምትባል ጎረቤቱ ከላይ በመስኮት መጥበሻ ይዛ ብቅ ትላለች፣ ወታደሮቹን አናት አናታቸውን ትላቸዋለች፣ በስህተት እሱንም ታገኘዋለች፣ ራሱ ዞሮበት የመንገዱን ጠርዝ ይዞ እየተንሳፈፈ እንደሚጨፍር ሰው ይሄዳል። እኔ እስካሁን ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፣ ሁሌ እስቃለሁ።

እና ልጁ በማን ነው የሳቀው? በመጥበሻ በተመቱት ወታደሮች ነው! ልጁ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ቆሟል፣ ማን ልክ ማን ስህተት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። አሁን ዋናው ነገር፣ ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቁ ኖሮ ሌሎች ወታደሮች ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ያንኑ ሰው ይከቡታል፣ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ገመድ ይወረውራሉ፣ አንገቱ ውስጥ ያስገባሉ። ሊሰቅሉት ነው። ያው ሰው፣ አሁን እየጨፈረ ያለፈው ሰው። ሳቁ ጉሮሮህ ላይ ይቀራል። አንድ የድሮ የጦር ባልደረባው ደርሶ ያተርፈዋል እንጂ አልቆለት ነበር። ጸሐፊው ላፕቶፑን የከደኑት ከዚህ በፊት ነው፣ ፊልሙ ልጁን በሳቅ አለማምዶ ወደዛ ምሰሶ እየወሰደው ሳለ መንገድ ላይ አስወረዱት። የነዚ ፊልሞች ጥበብ ያለው ሳቁ የት ጋ እንደሚቆም ላይ ነው፣ ጽሑፉ ግን ስለ ሳቁ ብቻ አወራ፣ ስለሚቆምበት ቦታ አንድ ቃል የለውም። በኋላ ላይ ደሞ ሱቁ ሲቃጠል ሃናና እሱ ጣሪያ ላይ ሆነው የሚያዩበት ሲን አለ፣ ቻፕሊን ጀርባውን ነው የሚያሳየን። በፊቱ ዓለምን ሲያስቅ የኖረ ሰው ፊቱን አዞረብን። አንድም ቀልድ የለም እዛ ላይ።

ፈርተው ነው ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ከፊል እውነት አለው፣ ቻፕሊን ጀርመንን «ቶሜንያ»፣ ጣልያንን «ባክቴሪያ» ብሎ ነው የጠራው፣ ሂትለርን ደሞ «ሂንከል»። ግን ማን ነው ያልገባው? ጢሙ ያው፣ ሰላምታው ያው፣ ንግግሩ ከጀርመንኛ የተኮረጀ ጩኸት፣ ማይክራፎኑ ራሱ ከድምፁ ሸሽቶ ወደ ኋላ ሲታጠፍ እያየን! እንግሊዝ ከሂትለር ጋር ለመስማማት ስትሯሯጥ በነበረበት ጊዜ ፊልሙን ልታግደው አስባ ነበር፣ ሲወጣ ጦርነት ውስጥ ስለገባች ተወችው እንጂ። ስፔን ውስጥ አምባገነኑ ፍራንኮ በ1975 እስኪሞት ድረስ አልታየም። ፈሪ የሰራው ፊልም ሰላሳ ምናምን ዓመት አይታገድም።

አሁን ደሞ ከድራማው ጋር አስተያዩት። በዛው በ1940፣ ከቻፕሊን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ኤምጂኤም የሚባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ «ዘ ሞርታል ስቶርም» የሚባል ድራማ አወጣ፣ ስለ አንድ የጀርመን ፕሮፌሰርና ቤተሰቡ፣ ናዚዎች ስልጣን ሲይዙ እንዴት እንደፈረሱ። ጥሩ ፊልም ነው፣ ለጊዜውም ደፋር ነው፣ ጀርመኖች ተናደውበታል። ግን ፊልሙ ውስጥ ፕሮፌሰሩ «አይሁድ» አይባልም፣ «አርያን ያልሆነ» ነው የሚባለው። ቁምነገረኛው ድራማ ቃሉን አፉ ላይ ማምጣት ሲያቅተው ኮሜዲው ስክሪኑ ሙሉ ቀለም ቀብቶ ጻፈው። እና ማን ነው ፊት ለፊት የተናገረው? መጨረሻ ላይማ ቻፕሊን የፀጉር አስተካካዩን ነገር ትቶ ካሜራውን ፊት ለፊት እያየ ለደቂቃዎች ስለ ሰው ልጅ ይናገራል። ያኔም አሁንም ብዙ ሰው ይሄ ንግግር ረዘመ፣ ስብከት ሆነ ይላል፣ እኔም ትንሽ ረዝሟል ከሚሉት ጋር ነኝ። ግን ረዘመ ተብሎ የሚታማን ሰው ፈራ ብሎ ማማት አይቻልም።

ሰው የሚማረው ሲያለቅስ ነው የሚለው ነጥብ በጣም የምወደውን ጉዳይ ስለሚነካ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ዓለም በኩባ ሚሳይሎች ምክንያት ልትጠፋ በደረሰችበት ዘመን፣ ስለ ኒውክሌር ጦርነት ፊልም ሊሰራ ተነሳ። የያዘው መጽሐፍ «ሬድ አለርት» የሚባል በ1958 የወጣ ልብ ወለድ ነው፣ የጻፈው ፒተር ጆርጅ በእንግሊዝ አየር ኃይል ያገለገለ ሰው ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ቀልድ የለም። ኩብሪክም ያሰበው ድራማ ነበር። ግን ስክሪፕቱን ሲጽፍ፣ እሱ ራሱ እንደተናገረው፣ ትዕይንቶቹ አስቂኝ እንዳይሆኑ እየፈራ አንዳንድ ነገር መቁረጥ ጀመረ፣ በኋላ ሲያየው እየቆረጠ የሚጥለው እውነተኛውን ክፍል ነበር። ስለዚ ተወውና ኮሜዲ አደረገው። «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» በጃንዋሪ 1964 ወጣ።

እዛ ውስጥ አንድ ሲን አለ። አንድ ያበደ ጄኔራል ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹን ወደ ሶቪየት ልኳል፣ የእንግሊዙ መኮንን ማንድሬክ የመመለሻውን ኮድ ደርሶበታል፣ ለፕሬዝዳንቱ መንገር ብቻ ነው የቀረው። የጦር ሰፈሩ ስልክ ሁሉ ተቆርጧል፣ ያለው በሳንቲም የሚሰራ የሕዝብ ስልክ ነው። እና ዝርዝር የለውም! ዓለም ልትጠፋ ነው፣ ሰውየው ሳንቲም ጎደለው። አጠገቡ ያለውን ኮሎኔል የኮካ ኮላ መሸጫ ማሽኑን በጥይት ምታና ሳንቲም አውጣልኝ ብሎ ይለምነዋል፣ ኮሎኔሉ አይሆንም ይላል፣ የግል ንብረት ነው። ስንት ሚሊዮን ሰው ለመግደል ትእዛዝ ሲተላለፍ ማንም ያልጠየቀ ጦር የኮካ ማሽን ላይ ሕግ ትዝ አለው። በመጨረሻ እሺ ሲል እንኳን ለኮካ ኮላ ካምፓኒ ተጠያቂው አንተ ነህ ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ታክሲ ውስጥ ከረዳት ጋር በዝርዝር ተጨቃጭቆ የሚያውቅ ሰው ይሄ ሲን ለምን እንደሚያስቅ ለማወቅ አስተርጓሚ አይፈልግም፣ ለምን እንደሚያስፈራም እንደዛው።

አሁን ለጸሐፊው የማቀርበው ማስረጃ ይሄ ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ኮሎምቢያ በሚባለው ስቱዲዮ፣ በዚሁ ጉዳይ ላይ ድራማ ወጥቷል። «ፌል ሴፍ» ይባላል፣ ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት፣ ፕሬዝዳንቱን የሚሰራው ሄንሪ ፎንዳ። ኦክቶበር 1964። ሁለቱም ፊልም ላይ አውሮፕላኖቹ ሄደዋል፣ ሁሉንም መመለስ አልተቻለም፣ ፕሬዝዳንቱ በስልክ ከሶቪየቱ መሪ ጋር ያወራል። እውነቱን ልናገር፣ «ፌል ሴፍ» በጣም ጥሩ ፊልም ነው፣ ፎንዳ ከአስተርጓሚው ጋር ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኖ ስልክ የሚያወራባቸው ሲኖች ትንፋሽ ያሳጥራሉ፣ መጨረሻው ላይ ደሞ ልብ ይሰብራል። አለቀስኩ። ግን ካለቀስኩ በኋላ ምን ያዝኩ? እዛ ፊልም ላይ ጥፋቱ የሚነሳው ከተበላሸ መሳሪያ ነው። የተበላሸው ዕቃ ቢቀየር፣ ጠንቀቅ ቢባል፣ ነገሩ ደህና ነበር ብለህ መውጣት ትችላለህ። መሪዎቹ ሁሉ ጨዋ ናቸው፣ ያዝናሉ፣ ያላብባቸዋል። «ስትሬንጅላቭ» ላይ ግን ጥፋቱ የሚነሳው ከተበላሸ ማሽን አይደለም፣ ስርዓቱ እንደታሰበው ነው የሰራው! ሶቪየቶቹ ከተጠቁ ዓለምን በራሱ የሚያጠፋ መሳሪያ ሰርተዋል፣ ጠላት እንዳይነካቸው ለማስፈራራት፣ ግን እስካሁን ለማንም አልተናገሩም፣ መሪያቸው ሰርፕራይዝ ስለሚወድ ሰኞ ዕለት ሊያሳውቅ ነበር። የማይታወቅ ማስፈራሪያ ማንን ያስፈራል? ይሄን የሰማ ሰው ይስቃል፣ ከሳቀ በኋላ ግን አስተሳሰቡ ራሱ፣ «አንተ ከገደልከኝ ሁላችንም እንሞታለን ስለዚ ሰላም ነን» የሚለው ነገር፣ ከስሩ በሽታ እንደሆነ ገብቶታል። ድራማው አንድ ዕቃ ከሰሰ፣ ኮሜዲው ሀሳቡን ከሰሰ። በሲኒማ ቤት ገበያም ድራማው ነው የተሸነፈው፣ ይሄ ግን ቀድሞ የወጣው ኮሜዲው ስለሆነም ሊሆን ይችላል፣ እሱን እንደ ክርክር አልቆጥረውም። የኔ ጥያቄ ተመልካቹ ምን ይዞ ወጣ የሚለው ነው።

ደሞ ኮሜዲ ውስጥ አይለቀስም ያለው ማነው? ኤርንስት ሉቢች፣ በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ፣ በ1942 «ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ» የሚለውን ሰራ፣ ዋርሶ ውስጥ ናዚዎችን በትወና ስለሚያታልሉ የቴአትር ሰዎች። ያኔም ልክ እንደኛ ጸሐፊ የተቆጡ ነበሩ፣ በቦምብ እየነደደች ባለች ዋርሶ እንዴት ይቀለዳል ብለው። ሉቢች በጋዜጣ መልስ ሰጥቷል፣ ያሾፍኩት በናዚዎችና በአስቂኝ አስተሳሰባቸው ነው፣ ደሞም ነገሩ የቱንም ያህል ቢከፋ ተዋናይነታቸውን በማይተዉ ተዋንያን ነው አለ፣ በፖላንድ ሕዝብ አላፌዝኩም ነው ነገሩ። ፊልሙ ላይ ግሪንበርግ የሚባል ተዋናይ አለ፣ ሁሌ ጦር ይዞ ከኋላ የሚቆም ዓይነት ፓርት ነው የሚሰጠው፣ ሕልሙ ግን ሻይሎክን፣ የሼክስፒርን አይሁዳዊ ገጸ ባሕርይ፣ መስራት ነው። መጀመሪያ ላይ የሻይሎክን ንግግር፣ ብትወጉን አንደማም ወይ የሚለውን፣ ለጓደኛው ሲያነበንብለት ያስቃል፣ ፓርት የጠማው ምስኪን ተዋናይ ነው። ከዛ ዋርሶ ፈርሳ፣ በረዶ እየዛቁ፣ ያቺኑ ንግግር ይደግማታል።  እዚህ ጋ ግን ማንም አይስቅም። ለሶስተኛ ጊዜ የሚላት ናዚዎቹ ፊት ቆሞ ነው። መጀመሪያ በዛች ንግግር ባንስቅ ኖሮ በረዶው ላይ ስትመጣ እንዲህ አንመታም ነበር። እሺ፣ እዛው ፊልም ውስጥ በማጎሪያ ካምፕ ላይ የሚቀለዱ ሁለት ሶስት ቀልዶች አሉ፣ ዛሬ ሲሰሙ ጆሮ ይሻክራሉ፣ ይሄን ለጸሐፊው እሰጣለሁ።

ሌላም እሰጣለሁ። የድሮ ኮሜዲ ሁሉ እንዲህ አይደለም። በ1961 «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ላይ ነጩ ተዋናይ ሚኪ ሩኒ ጥርስ ተሰክቶለት ጃፓናዊ ጎረቤት ሆኖ ይጮሃል፣ ያ የሚያሳፍር ነው፣ ምንም የሚያጋልጠው ነገር የለም፣ ሰው በመልኩና በአነጋገሩ ነው የሚሳቅበት። ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁር የሰሩ ነጮችንም ጨምሩበት። ጸሐፊው የተቆጡት በነዚህ ቢሆን ኖሮ አብሬያቸው እቆጣ ነበር። ግን ከላይ ወደ ታች የሚሳቅ ሳቅና ከታች ወደ ላይ የሚሳቅን ሳቅ አንድ ላይ ጠቅልሎ መጣል ልክ አይደለም።

ምንም አልለወጡም ለሚለው፣ ሂትለርን ኮሜዲ አልጣለውም፣ እስማማለሁ፣ ድራማም አልጣለውም። ፊልም ታንክ አይደለም። ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጣልያን ውስጥ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 የሚባል ነበር፣ ሚስቱን ወይ ልጁን ወይ እህቱን ከሰው ጋር ደርሶባት በንዴት ክብሬ ተነካ ብሎ የገደለ ሰው ቅጣቱ ከሶስት እስከ ሰባት ዓመት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ፍቺ በሕግ አይፈቀድም። ፒየትሮ ጀርሚ የሚባል ዳይሬክተር እነዚህን ሁለት ሕጎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠና በ1961 «ፍቺ በጣልያን ስታይል» ብሎ ሰራው። መነሻ የሆነው መጽሐፍ በክብር ስም ስለሚፈጸም ግድያ የተጻፈ ቁምነገር ነው። ተዋናዩ ማርቼሎ ማስትሮያኒ የሚሰራው ሲሲሊ ውስጥ ያለ ስራ ፈት ባሮን፣ ባላባት ማለት ነው፣ ጸጉሩን ቅባት ለቅልቆ የአፉን ጥግ እየጎተተ ሲቀመጥ ሲያዩት ያስቃል። ከአጎቱ ልጅ ፍቅር ይዞታል፣ ሚስቱን መፍታት አይችልም፣ መግደል ግን በርካሽ ይችላል። ስለዚ ሚስቱ እንድትማግጥ ሁኔታ ማመቻቸት ይጀምራል፣ የድሮ ወዳጇን ፈልጎ ያመጣል፣ ገና ሳይገድላት ጠበቃው ችሎት ላይ እንዴት አድርጎ እንደሚከራከርለት ንግግሩ በጆሮው ይሰማዋል። ተመልካቹም ከሱ ጋር እያቀደ ነው፣ ተሳካለት አልተሳካለት እያለ። መሀል ላይ ነው «ቆይ፣ እኔ ምን እየተመኘሁ ነው?» የሚያሰኝህ። ድራማ ቢሆን ኖሮ ገዳዩን ጠልተህ፣ እኔ እንደሱ አይደለሁም ብለህ፣ በሰላም ቤትህ ትገባ ነበር። ይሄኛው ከገዳዩ ጋር አስቀመጠህ። የሚስትየውን መልክ ማሳቂያ ማድረጉ አልወደድኩለትም፣ ፊልሙ እዛ ጋ የባሮኑን ዓይን ከልክ በላይ አምኗል። ግን ሕጉን እንደዛ ራቁቱን ያወጣ ሌላ ፊልም አላየሁም። ፍቺ በ1970 ተፈቀደ፣ አንቀጽ 587 በ1981 ተሰረዘ። ፊልሙ ነው የሰረዘው አልልም፣ የብዙ ሴቶች ትግል ነው። ግን አንድ ሕግ ከመሰረዙ በፊት ሰው ሊያፍርበት ይገባል፣ በአደባባይ የተሳቀበት ሕግ ደሞ እንደድሮው በግርማ ሞገስ መቆም ይከብደዋል።

ይሄ ጉዳይ ለኛ ሩቅ አይደለም። ጀርሚ በ1964 ደግሞ ሴት ልጅን የደፈረ ወይ የጠለፈ ካገባት ከቅጣት ነፃ ስለሚያወጣው ሕግ ሌላ ኮሜዲ ሰርቷል። የኛም የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 558 የተጠለፈችው ልጅ በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባችው ክስ አይመሰረትም ይል ነበር፣ የተሰረዘው በ1997 ዓ.ም በአዲሱ ሕግ ነው። እኔ ያንን የጣልያን ፊልም ሳይ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ነገሩ በጋብቻ ይለቅ» ሲሉ የኛን ሰፈር ነው ያየሁት፣ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ። በቅደም ተከተል።

ለመጨረሻው፣ እኛ ጋ በመከራ አይሳቅም ለሚለው፣ እዚህ ላይ ጸሐፊውን በጣም ነው የምቃወመው። ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ ነን። ዘመናዊ ቴአትራችን ራሱ የተጀመረው በኮሜዲ ነው፦ በጅሮንድ ተክለ ሃዋርያት ሩሲያ ተምረው ሲመለሱ የጻፉት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፣ በእንስሳት ተረት አድርገው የመንግሥቱን ሙስናና ኋላ ቀርነት ተናገሩ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሰውየው ቀላል ሰው አይደሉም፣ የ1923 ዓ.ምን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ከባዱን ነገር ለመናገር ሲፈልጉ የመረጡት ኮሜዲ ነው፣ ያገዱትም ሰዎች ኮሜዲ ነገር ያቀላል ብለው አላሰቡም፣ ቢያስቡማ ለምን ያግዱታል?

እና ለቅሶ ቤት ምን እንደሚደረግ ጸሐፊው ጠፍቷቸው አይመስለኝም። አጎቴ የሞተ ጊዜ አክስቴ ሁለት ቀን ሙሉ አላለቀሰችም፣ ደርቃ ቁጭ አለች፣ ሁላችንም ፈራንላት። በሶስተኛው ቀን ማታ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ አንድ የአጎቴ የድሮ ጓደኛ ጨዋታ አነሳ፣ አጎቴ ለሰው ልጅ ሽምግልና ሄዶ፣ ዋና ተናጋሪ ሆኖ ተነስቶ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብሎ ጀምሮ የልጅቷ ስም ጠፍቶበት፣ የታናሽ እህቷን ስም ጠርቶ፣ ቤቱ ሲተራመስ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፣ ከዛ ያው መንቀጥቀጥ ሳያቋርጥ ልቅሶ ሆነ። ለሁለት ቀን የተዘጋው ያኔ ተከፈተ። ማንም ያንን ሽማግሌ በሙት ላይ ቀለደ አላለውም፣ አክስቴ እስከ ዛሬ ስታመሰግነው ነው የምትኖረው።

ስለዚ ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ፣ በአክብሮት ነው። ልጅዎ ጥፋት አላጠፋም። አንድ ቅዳሜ ያንኑ ፊልም ከተከደነበት ቦታ ይክፈቱለትና አብራችሁ እዩት። መጥበሻዋ ጋ ይሳቅ፣ አይከልክሉት። ገመዱ ምሰሶው ላይ ሲወረወር ግን ስክሪኑን ትተው የልጁን ፊት ይዩ።